በስተርጅና አራት ፊደል

በተወለድኩ በ40 ቀኔ ክርስትና ተነሥቼ ስም ወጣልኝ። በ76 ዓመቴ ደግሞ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጄ ሳሎን ላይ ሁለተኛ ክርስትና ተነሣሁ። አጥማቂዋ የ19 ዓመት የልጅ ልጄ ናት። ጸበል የለም፤ ስልክ ነው ያለው። የወጣልኝ ስም አይ ኤስ ቲ ጄ ይባላል።

«ስም አይደለም አባባ፣ ዓይነት ነው» ትለኛለች። «አንተ አይ ኤስ ቲ ጄ ነህ፤ ለዚህ ነው እንዲህ የምትሆነው።»

እንዲህ የምሆነው ምን ሆኜ ነው? ጫማቸውን በር ላይ ዘርግፈው ሲገቡ ስለምናገር ነው። ለስድስት ሰዓት የተባለ ምሳ ስምንት ሰዓት ሲቀርብ ስለምቆጣ ነው። ድሮ ይሄ ሥርዓት ይባል ነበር፤ ዛሬ አራት ፊደል ሆነ። የመጀመሪያው ፊደል ጭምት ነው ማለት ነው አሉ፤ ሁለተኛው በእጁ የዳሰሰውን ብቻ ያምናል፤ ሦስተኛው በጭንቅላቱ ይፈርዳል፤ አራተኛው ያልታቀደ ነገር አይወድም። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ እሱም ዲቃላዎቹን ሳይጨምር። የፈረንጁ 26 ብቻ ነው። ከዚያች ከ26 ላይ አራት ቆንጥረው «ይኸው አንተ» አሉኝ። ስስት ነው።

አጠያየቋን ልንገራችሁ። ቡና ተፈልቶ አቦሉን ጠጥተን ስናበቃ ስልኳን አወጣችና «አባባ፣ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ስትሆን ጉልበት ታገኛለህ ወይስ ትደክማለህ?» አለችኝ።

«ሠርግ ነው ለቅሶ?»

«ዝም ብለህ መልስ።»

«ጉልበቴንማ ያመኛል።»

«ትደክማለህ» የሚለውን ራሷ ነካችው። እኔ የተናገርኩት ደረጃ ስወጣ ስለሚይዘኝ ጉልበት ነበር። እንዲህ አድርገው ነው ጭምት ያደረጉኝ።

ቀጠለች። «ስትወስን በጭንቅላትህ ነው ወይስ በልብህ?»

የተጣላነው እዚህ ላይ ነው። ልብ እኮ በእኛ ቋንቋ ማሰቢያ ነው! እናቴ «ልብ ግዛ» ስትለኝ አስብ ማለቷ ነበር። ልባም የምንለው አስተዋዩን ነው። ልብ በል፣ ልብ አድርግ፣ ልብ አላልኩትም እንላለን፤ ሁሉም የሐሳብ ሥራ ነው። ርኅራኄ የፈለገ ወደ አንጀት ይውረድ፤ የሚራራው አንጀት፣ የሚላወሰውም አንጀት ነው። ቅያሜና ትዕግሥት ሆድ ውስጥ ናቸው፤ ለዚህ ነው ሆደ ባሻና ሆደ ሰፊ ያለን። ጭንቅላት እኛ ቤት የሚነሣው በራስ ምታት ቀን ነው። ይህን ሁሉ አስረድቼ «በልቤ ነው የምወስነው» አልኩ። ስሜታዊ ብላ ልትመዘግበኝ ስትል «የለም፣ አስባለሁ ማለቴ ነው» አልኩ። «እንግዲያው በጭንቅላትህ ነው» አለች። «ጭንቅላት አልወጣኝም!» እንዲህ ስንመላለስ በረካው ቀረበ።

ሰውን በጠባይ መክፈል የፈረንጅ ግኝት እንዳይመስላችሁ። ጭምት፣ ለፍላፊ፣ ቁጡ፣ ቀብራራ፣ ነገር ፈላጊ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ልበ ደንዳና እያልን ስንከፋፈል ነው ያደግነው። ልዩነቱ፣ ሆደ ባሻ የተባለ ሰው ያፍርበት ነበር። እንደ ዲግሪ አይሰቅለውም። «ሆደ ባሻ ነኝ፤ እባካችሁ እንደ ዓይነቴ ያዙኝ» ብሎ የሚዞር አላየሁም።

ጡረታ የወጣ ታክሲ ነጂ ጊዜ አለው። የጠላቴን አገር ልወቅ ብዬ ማገላበጥ ጀመርኩ። የጠላቴ አገር ለካ 30 ዓመት የነዳሁበት ዋሽንግተን ኖሯል! ካትሪን ብሪግስ የምትባል ሴት ናት የነገሩ እናት። ባሏ ላይማን ብሪግስ ከ1933 እስከ 1945 የአሜሪካን ብሔራዊ የመለኪያ መሥሪያ ቤት መርቷል (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። መሥሪያ ቤቱ የነበረው ኮኔቲከት ጎዳና ላይ፣ ቫን ነስ፣ ዛሬ ኤምባሲያችን ባለበት ሰፈር ነው። ስንቱን ፓስፖርት አዳሽ እዚያ አድርሻለሁ! እንግዲህ ባልየው ቀን ቀን አገሪቱ የምትመዝንበትን ኪሎና የምትለካበትን ሜትር ይጠብቃል፤ ሚስትየው ደግሞ ቤቷ ተቀምጣ ሰው ትመዝናለች። የባልየው ሚዛን ዛሬም ነገም ቢመዝኑበት አንድ ነው የሚለው። የሚስትየውን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሴትዮዋ እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ ምን አገባት? አማች ነው ያስገባት። አንድ ልጇ ኢዛቤል ኮሌጅ ገብታ ክላረንስ ማየርስ የሚባል ልጅ ይዛ መጣች፤ በ1918 ተጋቡ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሥራውን ያውቃል፣ ነገር ግን ከቤተሰቡ ከማንም ጋር አይመሳሰልም። አማቲቱ አማቿ አልገባ አላት። በአራቱ ፊደል መቀያየር የሚወጣው፣ ዓለምን ያጥለቀለቀው 16 ዓይነት ሰው ሥር መሠረቱ ይኸው ነው፤ አማትና አማች። እኔም አማች አለኝ፣ አብረን ነው የምንኖረው፣ እኔም አልገባኝም። ግን 16 ዓይነት አላወጣሁም። አንድ ዓይነት ብቻ ነው ያወጣሁለት፤ እሱንም ለልጄ ስል እዚህ አልጽፈውም።

ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ካርል ዩንግ በዚያው ሰሞን የጠባይ ዓይነቶች መጽሐፉን ሲጽፍ ነበር፤ በ1921 ወጣ፣ በ1923 በእንግሊዝኛ ተተረጎመ። እሱም ቢሆን ሰላም ላይ ሆኖ አልጻፈውም። ከመምህሩ ከፍሮይድ ጋር ከተቆራረጠ በኋላ፣ ፍሮይድና አድለር አንድን በሽተኛ እያዩ ለምን ሁለት ነገር ይታያቸዋል ብሎ ሲያወጣ ሲያወርድ የመጣለት ነው። ካትሪን መጽሐፉን ስታነብ «ይሄ ሰውዬ ጨርሶታል» ብላ የራሷን ማስታወሻ እሳት ውስጥ ከተተችው ይባላል። ልጅቱ ኢዛቤል ደግሞ የተማረችው የፖለቲካ ሳይንስ ነው፤ የወንጀል ልቦለድ ጽፋም ተሸልማለች። ገዳዩን ከእንግዶቹ መሀል መለየት የምትችል ሴት ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ወንዱ ዘምቶ ሴቱ ፋብሪካ ሲገባ፣ ማን ለየትኛው ሥራ ይሆናል ብላ የጥያቄ ወረቀት ማዘጋጀት ጀመረች። በ1962 ታተመላት። በሳይኮሎጂ ከሁለቱ አንዳቸውም አልሠለጠኑም። ይህን ለልጅ ልጄ ስነግራት «አንተም አባባ መካኒክ አይደለህም፤ የሰው መኪና ድምፅ ሰምተህ በሽታውን ትናገራለህ» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ደግሞም ትክክል ነው የምናገረው።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ በሳቅ ባለፍኩት። ልጅቱ አንድ እሑድ ሰንጠረዥ ይዛ መጣች፤ ወደ ጎን 16፣ ወደ ታች 16። ማን ከማን ይስማማል፣ ማን ከማን ይጋጫል የሚል ነው። ያበጀችው አውሽራ አውጉስቲናቪቹቴ የምትባል የሊትዌኒያ ሴት ናት፤ ትምህርቷ ኢኮኖሚክስ። በ1970ዎቹ በሶቪየት ዘመን ዩንግን አነበበችና፣ ሰው ብቻውን ግማሽ ነው፣ ሌላው ግማሹ ሌላ ሰው ዘንድ ነው ብላ ተነሣች። ሶሲዮኒክስ ይባላል። ለ16ቱ ዓይነት ፊደል ብቻ ሳይሆን የታዋቂ ሰው ስም ተሰጥቷቸዋል፤ ባልዛክ፣ ናፖሊዮን፣ ጃክ ለንደን፣ ማርሻል ዡኮቭ። በዚህ በኩል ከአሜሪካኖቹ ትሻላለች፣ ቢያንስ የሰው ስም አወጣች።

ቡና የምንጠጣበት ቤት ኪየቭ የተማረ ወዳጅ አለኝ። ስለዚህ ጉዳይ ባነሣ ዓይኑ በራ፤ በሩስያኛ ያነበንበዋል። እሱ ሽቲርሊትስ ነው አሉ፤ በ1973 በሶቪየት ቴሌቪዥን የወጣው፣ ጀርመኖች መሀል የተሰገሰገ ሰላይ። ወዳጄ ይህን ከሰማ ጀምሮ ቡናውን በጎን እያየ ነው የሚጠጣው። የእኔ ማክሲም ጎርኪ ነው። የአሜሪካው ፊደል ወደ ሩስያው ሲዛወር የመጨረሻዋ ትገለበጣለች አትገለበጥም እያሉ ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ አይስማሙም፤ የስምምነት ሊቃውንት ናቸው እንግዲህ።

ለጎርኪ የተመደበችለት እውነተኛ ጥንድ ማን ናት? ሐምሌት! ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመውን የማያውቅ የእኔ ዘመን ሰው የለም። መጋረጃው ሲዘጋ መድረኩ ላይ ሬሳ ነው የሚቀረው። ይህችን ነው የትዳር ጓደኛ ብለው ያዘጋጁልኝ።

ሰንጠረዡ ውስጥ ቁጥጥር የሚባል ዝምድና አለ። አንዱ ዓይነት የሌላውን ድክመት እያየ ይቆጣጠረዋል፤ ተቆጣጣሪው የሚበረታበት ነገር ሌላው የሚታመምበት ነው፣ መልስ አይገኝለትም። በአራት በአራት ተያይዘው ይዞራሉ። ዶን ኪሾት ጎርኪን ይቆጣጠራል፤ ጎርኪ ናፖሊዮንን፤ ናፖሊዮን ዶስቶየቭስኪን፤ ዶስቶየቭስኪ ተመልሶ ዶን ኪሾትን። ቀበሌ በሉት። ዶን ኪሾት እኛ ቤት ማን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? ማሙሽ፣ ታናሹ የልጅ ልጄ! እኩለ ቀን ላይ ይነሣል፣ በየሳምንቱ አዲስ ኩባንያ ያቋቁማል፣ ሁለት ዓይነት ካልሲ ያደርጋል፤ እሱ ነው የእኔ ተቆጣጣሪ። የኪየቩን ወዳጄን ቁርጡን ጠየቅሁት፤ «የጎርኪ ድክመት ምንድን ነው?» «ሊሆን የሚችለውን ነገር መገመት አይወድም» አለኝ። ማሙሽ ደግሞ አፉን የሚከፍተው «ቢሆንስ» ብሎ ነው። «አባባ፣ ቤቱን ሸጠን መርከብ ላይ ብንኖርስ?» ሲለኝ በእርግጥም የምመልሰው አጣለሁ፣ ራሴንም ያመኛል። ይህን ለልጅቱ አልነገርኳትም። እናንተም ዝም በሉ።

ከዚያ ወደ ባለቤቴ መጣች። ነፍሷን ይማርና ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፤ 43 ዓመት አብረን ኖረናል። ልጅቱ ከምታስታውሰው ተነሥታ «አያቴ ሃክስሊ ናት» አለችና ጣቷን ሰንጠረዡ ላይ አስኬደች። ጎርኪና ሃክስሊ የሚገናኙበት ላይ ስትደርስ ዝም አለች።

«ምን ይላል?»

«ይቅርብህ አባባ።»

«ተናገሪ እንጂ!»

«ግጭት ይላል።»

ከ16ቱ ዝምድና የመጨረሻው መጥፎ እሱ ነው። መጀመሪያ ይማረካሉ፣ ሲቀራረቡ ግን አንዱ ምንም ሳያስብ የሌላውን ቁስል ይነካል፣ ረጅም ጊዜ አብሮ መኖር አይሆንላቸውም ይላል። ረጅም ማለት ስንት ዓመት ነው ብዬ ብጠይቅ ቁጥር አልተጻፈም።

ደግሞ ይህን ስባል የመጀመሪያዬ አይደለም። ልንጋባ ስንል አጎቷ ደብተራ ዘንድ ሄደው አስቆጥረው ነበር። የኔን ስም ከእናቴ ስም፣ የሷን ከእናቷ ስም ደምረው፣ በ12 ገድፈው፣ በአውደ ነገሥቱ መሠረት እኔ አሰድ ሆንኩ፣ እሷ ሑት። አሰድ እሳት፣ ሑት ውሃ። «አይሆኑም» አሉ። ነገር ግን ደብተራው መድኃኒት ነበራቸው፤ ገብስማ ዶሮ ይታረድ አሉ። ያችን የሊትዌኒያ ሴት ብታገኟት ጠይቁልኝ፣ የዶሮው ቀለም የታለ? አባቷ ግን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ውሃው እሳቱን ያበርደዋል» ብለው ዳሩልን። ዶሮውም ተበላ፤ ወጥ ሆኖ።

ግጭት የሚለው ሐሰት ነው አልልም። እኔ በር ሁለቴ እቆልፋለሁ፤ እሷ ቁልፉን በሩ ላይ ትረሳለች። እኔ ሠርግ የሚገባው በሰዓቱ ነው እላለሁ፤ እሷ መኪና ውስጥ ሆኜ ጡሩንባ እየነፋሁ የጎረቤት ልጅ ጸጉር ትሠራለች። ሳትነግረኝ ስምንት ሰው ጋብዛ፣ የሰውን ብዛት የማውቀው ወንበር ሲጠፋ ነበር። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ገብቶብናል። ሦስቱንም ጊዜ ጥፋተኛ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ የሦስተኛውን እስካሁን አላመንኩበትም። ክሼ ግን መጥቻለሁ።

አሁን ማን ይክሳል? ባለፈው ክረምት የተጣሉ ወጣት ባልና ሚስት ልናስታርቅ ሦስት ሽማግሌዎች ሄድን፤ ጋቢያችንን ደርበን። እንደ ልማዱ «በሉ ልጆቼ፣ በዳዩ ማነው?» አልኩ። «ማንም አልበደለም» አሉ፣ ሁለቱም በአንድ አፍ። «ዓይነታችን አይጣጣምም።» እሱ አራት ፊደሉን ነገረን፣ እሷ አራት ፊደሏን። እነዚህ ሰዎች ተስማምተዋል እኮ! የተስማሙበት ነገር መጣላታቸው ሆነ እንጂ። በዳይ ከሌለ ካሳ የለም፤ ካሳ ከሌለ እርቅ የለም፤ ስምንቱን ፊደል ጉልበት አስሜ ላስታርቅ? ሻይ ጠጥተን ወጣን። አንደኛው ሽማግሌ በመንገድ ላይ «ያቺ ልጅ ምንድን ነኝ አለች?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ የሱንም ዓይነት ማወቅ አምሮት ነው።

እቤትም ያው ነው። ማሙሽን ሰሃን እጠብ ስለው «የኔ ዓይነት ተደጋጋሚ ሥራ አይስማማውም» ይለኛል። 16ቱን ዓይነት አንድ በአንድ አገላብጬ አየሁ። ሰሃን ማጠብ የሚስማማው አንድም የለም። ይህ ሁሉ ሕዝብ በምን እየበላ ነው?

አሁን የዚያችን የካትሪን ብሪግስን ሚዛን ልንገራችሁ። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ብቻዬን ፈተናውን ወሰድኩ። አይ ኤስ ኤፍ ጄ ሆንኩ። ቀን በጭንቅላቴ የምፈርደው ሰውዬ ሌሊት አንጀቴ ይራራል ማለት ነው። ሳጣራ የኔ ብቻ አይደለም፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግመው ሲፈተኑ ሌላ ዓይነት የሚወጣላቸው ብዙ ናቸው። ምክንያቱም አብዛኛው ሰው መሀል ላይ ነው ያለው፤ ፈተናው ግን መሀል አያውቅም። ቁመትን ረጅምና አጭር ብቻ ብሎ እንደመክፈል ነው፤ መካከለኛው ሰው ጫማ በቀየረ ቁጥር ዘር ይቀይራል። ደግሞ ፎረር የሚባል አንድ የሥነ ልቦና መምህር በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ የየራሳችሁ የጠባይ መግለጫ ነው ብሎ ወረቀት አደላቸው። ከ5 ስንት ትሰጡታላችሁ ቢላቸው በአማካይ 4.26 ሰጡት። ለካ ለሁሉም ያደለው አንድ ዓይነት ወረቀት ነው፤ አብዛኛውን የገለበጠው ደግሞ ከመንገድ ዳር የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ! ከደብተራው አልራቅንም። ይህን ሁሉ ጽፌ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ለልጅቱ አነበብኩላት። አዳመጠችኝና «አባባ፣ ማስረጃ ሳይዙ አለማመን እኮ የአይ ኤስ ቲ ጄ ዋና ምልክት ነው» አለችኝ።

ባለፈው እሑድ ግን «የአያቴን በግምት ነው ያልኩት፤ አንተ ስለ እሷ እየመለስክ በደንብ እንሥራው» አለችኝ። እሺ አልኩ፤ ሐሰቱን ላጋልጥ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

«አያቴ መንገድ ስትሄድ ቀድማ ታዘጋጃለች?»

«መቼ አዘጋጅታ ታውቃለች! አውሮፕላን ሊነሣ ሲል ጀበና የምታሽግ ሴት።»

ልጄ ከኩሽና ሰማችንና እጇን እየጠረገች መጣች። «አባዬ፣ እማዬን ነው እንዲህ የምትላት? እኛን ደብተራችንን ከማታ ጀምሮ አሰልፋ የምታስተኛ፣ አምስት ደቂቃ ያረፈደን የምትቀጣ ሴት!» የማን እናት ነው የምታወራው ብዬ ዞር አልኩ። ልጅቱ ደግሞ ሁለታችንንም «አያቴ አንድም ቀን ተቆጥታ አታውቅም፤ ቁጭ ብላ ዝም ብላ ነበር የምትሰማኝ» አለች። ዝም ብላ! እኔን 43 ዓመት አንድ ዓረፍተ ነገር አስጨርሳኝ የማታውቅ ሴት!

ስላልተስማማን ሦስታችንም ለየብቻ ሞላን። ሦስት ዓይነት ወጣ። ልጅቱ ሰንጠረዡን ዘርግታ ሦስቱንም ከእኔ ጋር አስተያየቻቸው። አንዷ ተጋጪዬ ናት፣ አንዷ ተቆጣጣሪዬ፣ አንዷ ከሩቅ የምንከባበር ስንቀራረብ የማንግባባ። ከሦስቱ ባለቤቶቼ አንዷም ከእኔ ጋር አትስማማም።